የቆቦ ሸለቆ የጉድጓድ ግፊት ትንበያ፤ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት፤ የሚተነበየው ምንድን ነው

የሚፈለገው አንድ ነገር ነው። ሪጉ (የውሃ ጉድጓድ መቆፈሪያው ማሽን) ከመተከሉ በፊት፣ ከቀድሞ ጉድጓዶች መዝገብ በሚማር የኮምፒውተር ሞዴል፣ ቢቱ (የመቆፈሪያው ጫፍ) ወፍራሙን ሸክላ በስቶ ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ከሥር ያለው ውሃ በምን ያህል ግፊት እንደሚገፋ መናገር። ሥራው የተያዘው በቆቦ–ግራና ሸለቆ ነው፤ በምዕራብ የወሎ ደጋ ገደል፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በመካከል ሆርማት፣ ጎሊናና አላውሃን የመሰሉ ወንዞች ከደጋ ያወረዱት ደለል።

ግፊቱን አሳንሶ መገመትም አብዝቶ መገመትም ጉድጓድ ያበላሻል። ካነሰ፣ ውሃው በኬዚንጉ (በጉድጓዱ ግድግዳ ቧንቧ) ውጭ መንገድ አበጅቶ አሸዋውን እያጠበ ይወጣል፤ የሚፈሰው ከቧንቧው ውጭ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ቫልቭ መግጠም ፋይዳ የለውም። ከበዛ ደግሞ አላግባብ የከበደ የቁፋሮ ጭቃ (ግፊቱን ለመግታት ጉድጓዱ የሚሞላበት ፈሳሽ) ጠጠሩ ውስጥ ይገባና የውሃውን መተላለፊያ ይደፍናል፤ ከሥሩ ውሃ እያለ ጉድጓዱ ጥቂት ይሰጣል። በዚህ ሸለቆ ሁለተኛው ጉዳት ድምፅ ስለሌለው ብዙ ጊዜ «ውሃው አነስተኛ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚመጡት የነዳጅ ቁፋሮ ዘዴዎች ናቸው። ጆርደንና ሸርሊ በ1966 ያወጡት ዲ-ኤክስፖነንት የቁፋሮውን ፍጥነት በዙር ብዛት፣ በቢት ክብደትና በቢት ስፋት ያስተካክላል። ኢተን በ1975 ያቀረበው ቀመር ደግሞ የኤሌክትሪክ መቋቋምን ወይም የድምፅ ሞገድ ፍጥነትን ከመደበኛው ጋር ያነጻጽራል፤ የቀመሩ የተለመደ ኤክስፖነንት ለኤሌክትሪክ መቋቋም 1.2፣ ለድምፅ ሞገድ 3 ነው። ሁለቱም የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፦ በሺህ ሜትሮች ጥልቀት በፍጥነት የተቀበረ ሸክላ ውሃውን ማስወጣት ሳይችል ቀርቶ ግፊት ይዟል።

ቆቦ ላይ ይህ መሠረት የለም። ደለሉ ጥልቀት የለውም፤ የግፊቱ ምንጭም ተራራው ነው። ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ከገደሉ ሥር ባለው ሻካራ ጠጠር ይሰርጋል፤ ከዚያ ወደ ሸለቆው መሐል ሲሄድ ጠጠሩ በሸክላ ይሸፈንና ውሃው ከላዩ መውጫ ያጣል። ፎቅ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ታች ያለውን ቧንቧ እንደሚገፋው ማለት ነው፤ ወሳኙ የሮቶው ከፍታ እንጂ የቧንቧው ርዝመት አይደለም። ከነዳጅ መስክ እንዳለ የተወሰደ ሞዴል ጥልቀትን ዋና ግብአት አድርጎ ይማራል። እዚህ መማር ያለበት የመሬቱን ከፍታ፣ ከገደሉ ሥር ያለውን ርቀትና የሸክላውን ውፍረት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ግፊት በኪሎ ፓስካል = 9.81 × (ጥልቀት − የውሃው ልክ)፤ ሁለቱም ከመሬት ወለል በሜትር። ውሃው ከመሬት በላይ የሚወጣ ከሆነ የውሃው ልክ ኔጌቲቭ ይሆንና ይደመራል። የሸክላው ግርጌ 95 ሜትር ቢሆንና ውሃው 4 ሜትር ከመሬት በላይ ቢቆም፣ ግርጌው ላይ 9.81 × 99 = 971 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 9.7 ባር አለ። ስለዚህ የሚተነበዩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የሸክላው ግርጌ ጥልቀትና ከሥሩ ያለው ውሃ የሚቆምበት ከፍታ። ግፊቱ ከሁለቱ ይሰላል። ግፊትን በቀጥታ እንዲተነብይ የተደረገ ሞዴል ጥሩ ይመስላል፤ ግን ግፊት ከጥልቀት ጋር በራሱ ስለሚጨምር ሞዴሉ ምንም ሳይማር ከፍተኛ ውጤት ያሳያል።

ኅዳር፤ መዝገብ ማጽዳት

የጉድጓድ ማጠናቀቂያ ሪፖርቶች ላይ ቀኑ አንዳንዴ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዴ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የትኛው እንደሆነ አይጻፍም። «12/3/2003» ኅዳር 12 ቀን 2003 ከሆነ በአውሮፓ ኖቬምበር 21 ቀን 2010 ነው፤ ማርች 12 ቀን 2003 ከሆነ ደግሞ ሰባት ዓመት ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በዚህ ሸለቆ በልግም ክረምትም ስላለ የውሃው ልክ በዓመት ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የመስኖ ፓምፖች ከበዙ ወዲህ የተለካውም ከዚያ በፊት ከተለካው ጋር እኩል አይታይም። መለያው ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘው የፓምፕ ሙከራ ወረቀት ነው፤ የወሩ ስም በፊደል የተጻፈበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ሙከራው «2:00» ተጀመረ ሲል ጠዋት ይሁን ከሰዓት ካልተለየ የማገገሚያው ሰዓት ይዛባል።

ቦታ፦ ቆቦ በዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው። የቆዩ ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም (የካርታ መነሻ ልክ)፣ የእጅ ጂፒኤሶች በደብሊውጂኤስ 84 ይሠራሉ። አንዱ ሌላው መስሎ ከገባ ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። መሬቱ በ100 ሜትር 3 ሜትር በሚወርድበት በገደሉ ሥር ይህ የ6 ሜትር የከፍታ ስህተት ነው፤ በግፊት 0.6 ባር። እያንዳንዱን ጉድጓድ በሳተላይት ምስል ላይ አስቀምጦ የፓምፕ ቤቱን ወይም የጄኔሬተሩን መጠለያ መፈለግ ያዋጣል፤ ነጥቡ ሜዳ ላይ ወድቆ ቤቱ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከታየ ዳተሙ ነው።

ከፍታ፦ በእጅ ጂፒኤስ የተጻፈው ከፍታ አይወሰድም። ሁሉም ከአንድ ዲጂታል የከፍታ ካርታ ይነበባል፤ አዲስ የሚቆፈረው ቦታ ግን በሌቭል ወይም በዲፈረንሻል ጂፒኤስ ይለካል። የውሃው ከፍታ ከባሕር ጠለል ተተንብዮ የመሬቱ ከፍታ ሲቀነስ፣ የካርታው ስህተት እንዳለ ወደ መልሱ ይገባልና።

የድንጋይና የአፈር መግለጫ፦ ያው ንብርብር በአንዱ ወረቀት «ሸክላ»፣ በሌላው «ክሌይ»፣ በሦስተኛው «ዋልካ» ተብሏል። ኮምፒውተሩ ቃላቱን ከመቁጠሩ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወደ አንድ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ወደ አንድ፤ ጐ ወደ ጎ ይቀየራል፤ አለዚያ «ጎሊና» እና «ጐሊና» ሁለት ቦታ ይሆናሉ። ከዚያ መግለጫው ወደ አምስት ዓይነት ይጠቃለላል፦ ሸክላ፣ ደቃቅ ደለል፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ጥቁር ድንጋይ። «ሸክላማ ጠጠር» የሚለው ብቻ ለብቻው ይቀመጥ፤ ውሃን ያፍናል ወይስ ያሳልፋል የሚለው በቃል አይለይም።

ታኅሣሥ፤ ስታቲክ ሌቭል የሚደብቀው

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው። አብዛኛው የሸለቆው ጉድጓድ ስክሪን (ውሃ የሚያስገባ ባለ ቀዳዳ ቧንቧ) የተገጠመለት በብዙ ንብርብር ላይ ስለሆነ፣ በሪፖርቱ ያለው ስታቲክ ሌቭል (ፓምፕ ሳይሠራ ውሃው የሚቆምበት ልክ) የየትኛውም ንብርብር ግፊት አይደለም። በየንብርብሩ የውሃ ማስተላለፍ አቅም የተመዘነ አማካይ ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር። የላይኛው ጠጠር በቀን 300 ካሬ ሜትር ያስተላልፋል፤ ውሃው ከመሬት 20 ሜትር በታች ነው። የታችኛው በቀን 100 ካሬ ሜትር ያስተላልፋል፤ ውሃው ከመሬት 5 ሜትር በላይ ይቆማል። ሁለቱም ወደ አንድ ጉድጓድ ሲከፈቱ ስታቲክ ሌቭሉ (300 × 20 − 100 × 5) ÷ 400 = 13.75 ሜትር ከመሬት በታች ይሆናል። ሪፖርቱ የሚለው «13.75» ነው። ጎረቤት የሚቆፍር ድሪለር ይህን አይቶ ቀላል ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ የታችኛውን ሸክላ ሲበሳ ግን የሚጠብቀው ከመሬት በላይ የሚዘል ውሃ ነው።

ስለዚህ መዝገቦቹ በሦስት ደረጃ ተከፈሉ፤ ለእያንዳንዱም የሚታመንበት ልክ ተሰጠው። ተዘግቶ በግፊት መለኪያ የተነበበ፦ መደበኛ ልዩነት 0.5 ሜትር። ስክሪኑ በአንድ ንብርብር ላይ ብቻ የሆነ፦ 2 ሜትር። ስክሪኑ በብዙ ንብርብር ላይ የሆነ፦ 6 ሜትር። ቁጥሮቹ የባለሙያ ግምት ናቸው፤ መዝገብ በጨመረ ቁጥር ይስተካከላሉ። ጉድጓዱ ገና ጭቃ ሳለበት፣ ሳይታጠብ የተነበበ ልክ ካለ ከነጭራሹ ይወጣል።

የግፊት መለኪያው ራሱ ይመረመር። የትክክለኛነት ክፍሉ 1.6 የሆነ (ማለትም የሙሉ ክልሉን 1.6 በመቶ የሚሳሳት) ከ0 እስከ 16 ባር የሚያነብ ጌጅ ስህተቱ 0.256 ባር፣ በውሃ 2.6 ሜትር ነው። በራሱ በሚፈስ ጉድጓድ ላይ የሚፈለገው ከ0 እስከ 1 ባር ያለው ነው፤ ያው ክፍል 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሳሳታል። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የፊተኛው ስለሆነ «0.4 ባር» የሚል ንባብ ሲመጣ በየትኛው ጌጅ ተነበበ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ሌላው፣ «ውሃው ራሱ ይፈስሳል» ብቻ ተብሎ ቁጥር የሌለው መዝገብ ነው። ቁጥር የለውም ተብሎ ከተጣለ ሞዴሉ ከፍተኛ ግፊት ያለባቸውን ቦታዎች ሳያይ ይማርና ሁልጊዜ ያሳንሳል። እንዲህ ያለው «ቢያንስ ከመሬት በላይ» ተብሎ ይገባል። አሠራሩ፦ ሞዴሉ ለቦታው የሚሰጠውን መካከለኛና መደበኛ ልዩነት ይዞ፣ ከመሬት በላይ ካለው ክፍል ብቻ አማካዩን ማስላት፤ ያንን እንደ ንባብ አስገብቶ እንደገና ማስተማር፤ ለውጡ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች እስኪሆን መደጋገም።

ጥር፤ ግብአት

የገቡት፦ የመሬት ከፍታ፣ ከምዕራቡ ገደል ሥር ያለው ርቀት፣ በአቅራቢያው ካለው ወንዝ ያለው ርቀት፣ የመሬቱ ተዳፋት፣ በኤሌክትሪክ ልኬት የተገመተ የሸክላ ውፍረት፣ የመለኪያው ወር። ወሩ ከ1 እስከ 13 ባለ ቁጥር አይገባም፤ ጳጉሜንና መስከረም ጎረቤት መሆናቸው እንዲታወቅ በክብ ላይ እንዳለ ማዕዘን፣ በሳይንና ኮሳይን ይገባል።

የኤሌክትሪክ ልኬቱን በተመለከተ፣ ሸክላ ከ20 ኦም ሜትር በታች ይታያል፤ ጨዋማ ውሃ የያዘ አሸዋም እንዲሁ። በአቅራቢያው የውሃ ጨዋማነት ንባብ ሳይኖር የልኬቱን ትርጉም አለማመን ይሻላል።

የተከለከሉት ደግሞ ከተፈቀዱት ይልቅ አስፈላጊ ናቸው። የጉድጓዱ የመጨረሻ ጥልቀት፣ የስክሪን ቦታ፣ የፓምፕ ጥልቀት፣ የተገኘው ውሃ መጠን፣ ሲቆፈር የተጠቀሙበት የጭቃ ክብደት። ሁሉም የሚታወቁት ከቁፋሮ በኋላ ነው፤ ብዙዎቹም ግፊቱ ራሱ የወሰናቸው ናቸው። ድሪለሩ ጭቃውን ያከበደው ውሃው ስለገፋው ነው። ሞዴሉ ይህን ካየ መልሱን እያነበበ ነው፤ አዲስ ቦታ ላይ ግን የሚነበብ ነገር አይኖርም።

የካቲት፤ ሞዴሉና ፈተናው

መጀመሪያ ቀጥተኛ አዝማሚያ ይሰላል፦ የውሃው ከፍታ ከባሕር ጠለል፣ በመሬቱ ከፍታና ከገደሉ ባለው ርቀት። ቀሪው ልዩነት ብቻ ለሞዴሉ ይሰጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዛፎች የሚሠሩት እንደ ራንደም ፎረስት ያሉት ከተማሩበት ትልቁ ቁጥር በላይ መናገር አይችሉም፤ በመዝገቡ ትልቁ 3 ሜትር ከመሬት በላይ ከሆነ 8 ሜትር የሚል መልስ በጭራሽ አይመጣም። የሚያሳስበን ደግሞ ያ 8 ሜትር ነው።

ለቀሪው ልዩነት የተመረጠው የጋውስ ሂደት ነው (በቅርብ ካሉ ጉድጓዶች ተነሥቶ መካከለኛውንና መደበኛ ልዩነቱን አብሮ የሚሰጥ ዘዴ)፤ የጉድጓዶች ዝምድና በርቀት የሚደክምበት ቀመር ማተርን ከርነል በ3/2 ነው፣ ርዝመቱ በኪሎ ሜትር። መዝገቡ ጥቂት ስለሆነ ትልልቅ ኒውራል ኔትወርኮች እዚህ ቦታ የላቸውም። በፓይዘን ሳይኪት-ለርን ውስጥ ከላይ የተሰጡት የመታመን ደረጃዎች «አልፋ» በሚባለው ቦታ እንደ ዝርዝር ይገባሉ፤ በቫሪያንስ (የመደበኛ ልዩነቱ ካሬ)፣ ማለትም 0.25፣ 4 እና 36። አንድ የሚያሰናክል ነገር አለ። «ኖርማላይዝ ዋይ» (መልሱን አስቀድሞ የሚመጥነው ምርጫ) ከተከፈተ አልፋው የሚደመረው በተመጠነው ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ በመልሱ ቫሪያንስ መካፈል አለበት። ካልተካፈለ ሞዴሉ መዝገቡን ሁሉ እንደማይታመን ቆጥሮ ለሁሉም ቦታ አማካዩን ይመልሳል፤ ስህተት መኖሩንም አይናገርም።

ፈተናው እንዴት እንደሚከፈል ከሞዴሉ ምርጫ ይበልጣል። ከአንድ ጉድጓድ በተለያየ ወር የተወሰዱ ንባቦች አሉ። በዘፈቀደ ከተከፈሉ የአንዱ ጉድጓድ የጥቅምት ንባብ ለማስተማሪያ፣ የጥር ንባቡ ለፈተና ይወድቃል፤ ሞዴሉም ያንኑ ጉድጓድ አስታውሶ ይመልሳል። በጉድጓድ ሲከፈል ስህተቱ ይጨምራል፤ በአካባቢ ሲከፈል ደግሞ፣ ማለትም ዋጃ፣ ቆቦና ሆርማት ተምረው ግራና ሲፈተን፣ ይበልጥ ይጨምራል። ለውይይት መቅረብ ያለበት የመጨረሻው ነው። ሥራው ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ኮምቦልቻው የቦርከና ሸለቆ ይወሰድ ከተባለ ጥያቄው ያው ስለሆነ፦ ያልታየ ሸለቆ ላይ ምን ያህል ይሳሳታል?

መልሱ በአንድ ቁጥር አይሰጥም። በፈተና ጊዜ የተገኙት ስህተቶች ምልክታቸው ተትቶ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደራሉ፤ 40 ጉድጓድ ካለ ከ41 (አዲሱ ጉድጓድ ሲጨመር) ዘጠና በመቶው 36.9 ስለሆነ 37ኛው ይወሰዳል። ያ ስህተት ከትንበያው በላይና በታች ይዘረጋል። ክልሉ ሰፊ ከሆነ ሰፊ ሆኖ ይሰጥ፤ ማጥበብ የሚቻለው ተጨማሪ ጉድጓድ በጌጅ በመለካት ብቻ ነው።

መጋቢት፤ ሪጉ ላይ የሚገጠመው

ትንበያው ቁፋሮው ሲጀመር መታረም አለበት። የሚፈለጉት ሦስት ንባቦች ናቸው፦ የሃይድሮሊክ ግፊት፣ የመውረድ ፍጥነት፣ የጭቃ ጉድጓዱ ልክ።

የሃይድሮሊክ ሴንሰሩ ከ0 እስከ 250 ባር፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር የሚሰጥ ነው። በ150 ኦም ሬዚስተር ሲያልፍ ከ0.6 እስከ 3.0 ቮልት ይሆናል። የኢኤስፒ32 ቦርድ (አነስተኛ ኮምፒውተር) የራሱ ማንበቢያ በላይኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ ስለማያነብ ኤዲኤስ1115 የተባለ ማንበቢያ ይጨመር፤ በ4.096 ቮልት ክልል አንድ እርከኑ 0.125 ሚሊ ቮልት ነው፤ ከበቂ በላይ። የሪጉ ባትሪ ሞተር ሲነሣ ስለሚንቀጠቀጥ ቦርዱ የራሱ ባትሪ ይኑረው።

የመውረድ ፍጥነት ከሌሎቹ ጋር በዲ-ኤክስፖነንት ይሰላል። እዚህ ግፊት አይነግረንም። ከሸክላ ወደ ጠጠር መሻገሩን ግን ቁርጥራጩ ወደ ላይ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ያሳያል፤ በዚህ ሥራ ያለው ጥቅም ይኸው ብቻ ነው፣ እሱም ትልቅ ነው። በአየርና በሃመር በጥቁር ድንጋይ ሲቆፈር ግን ቀመሩ አይሠራም፤ የተሠራው ለሚሽከረከር ቢት ነው።

የጭቃው ልክ ከሁሉም ፈጣኑ ማስጠንቀቂያ ነው። የጭቃ ጉድጓዱ 3 በ2 ሜትር ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 60 ሊትር ነው። በ12¼ ኢንች ቢት አንድ ሜትር ሲወረድ 76 ሊትር ይቆፈራል፤ ቁርጥራጩ በአካፋ ወደ ውጭ ሲወጣ ልኩ በዚያው መጠን፣ 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ቁርጥራጭ የወጣበት ሰዓት ይመዝገብ፤ ካልተመዘገበ ኮምፒውተሩ ጭቃው ወደ ጠጠር ገባ ብሎ ያስጠነቅቃል። ሮድ ለመጨመር ፓምፕ ቆሞ ሳለ ልኩ ከፍ ማለቱን ከቀጠለ ግን ምንም ሒሳብ አያስፈልግም፤ ውሃው እየገፋ ነው።

ሚያዝያ፤ ለድሪለሩ የሚሰጠው ወረቀት

አንድ ገጽ ነው። ላዩ ላይ የሸክላው ግርጌ፣ የውሃው ልክ ዝቅተኛና ከፍተኛ፤ ሥሩ የጭቃ ክብደት (ከውሃ ጋር ሲነጻጸር)።

ግርጌ 95 ሜትር፣ ውሃው ከ6 ሜትር ከመሬት በታች እስከ 4 ሜትር ከመሬት በላይ ተብሎ ቢተነበይ፦ ከፍተኛውን ለመግታት 99 ÷ 95 = 1.04፤ 3 ሜትር መተማመኛ ሲጨመር 1.074፣ ወደ 1.08 ይጠጋጋል። ዝቅተኛው እውነት ቢሆን ትርፉ ጫና 1.08 × 95 − 89 = 13.6 ሜትር፣ 1.3 ባር ነው፤ ይቻላል። በዚያው ጥልቀት ውሃው 40 ሜትር ታች ሆኖ ጭቃው 1.10 ቢሆን ግን ትርፉ 49.5 ሜትር፣ ወደ 5 ባር ይጠጋል፤ ጠጠሩ ጭቃ ይጠጣል።

ጥልቀቱ ባነሰ መጠን ያው 4 ሜትር ይከብዳል። ግርጌው 30 ሜትር ከሆነ 34 ÷ 30 = 1.13፣ ከመተማመኛው ጋር 1.23። በቤንቶናይት (በጭቃ መሥሪያው ሸክላ) ብቻ እዚህ አይደረስም፤ 1.05 የሆነውን ጭቃ ወደ 1.23 ለማድረስ በየኪዩብ ሜትሩ 255 ኪሎ ባራይት (ከባድ የማዕድን ዱቄት) ይጠይቃል። ይልቅ ሸክላው ሳይበሳ 20 ሜትር ላይ ቆሞ ባለ 14 ኢንች ኬዚንግ ማስገባትና ዙሪያውን በሲሚንቶ መሙላት ይሻላል። በ17½ ኢንች ቀዳዳ ዙሪያው በሜትር 56 ሊትር ነው፤ ለ20 ሜትር 1,117 ሊትር። 50 ኪሎ ሲሚንቶ በ25 ሊትር ውሃ 41 ሊትር ገደማ ስለሚሰጥ 28 ከረጢት፤ ለተሸረሸረው ቀዳዳ አንድ አምስተኛ ሲጨመር 33 ከረጢት፣ 16 ኩንታል ተኩል። ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፤ ፍላንጅና ቫልቭ ይገጠምበት፤ ቀሪው 10 ሜትር ሸክላ ከዚያ ይበሳ።

ወረቀቱ ጀርባ ላይ ድሪለሩ የሚሞላው ባዶ ቦታ አለ፦ ሸክላው በእርግጥ ያለቀበት ሜትር፣ ፓምፕ ሲቆም ጭቃው የወጣው ወይም የወረደው ሴንቲ ሜትር፣ ከታጠበ በኋላ በ0–1 ባር ጌጅ የተነበበው፣ ስክሪኑ የተገጠመባቸው ንብርብሮች፣ ቀኑ ከነወሩ ስም በፊደል። ይህ ወረቀት ሲመለስ ጉድጓዱ በ0.5 ሜትር ደረጃ ወደ መዝገቡ ይገባል፤ የስህተቶቹ ድርድርም እንደገና ይሠራል።